ሸክላና ርካሽ ቅጅ፤ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ዳግመኛ መታተም

ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እየተባለ የሚጠራው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ከመጣው የሬዲዮ ቴሌግራፍ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ላይ ቃል የሚያስተላልፈውን ይህን አዲስ ነገር ሕዝቡ ባዕድ ስም ሳይፈልግለት በራሱ ቋንቋ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ መሣሪያው አርጅቶ ከተተወ በኋላም ስሙ በሰፈሩ ላይ ቀረ። የሬዲዮ አገልግሎት በአገራችን በ1935 ሲጀመር ስፍራው በዚሁ አካባቢ ነበረ። በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ በለቡ በኩል ሙዚቃ ሰፈር የሚባል መንደር መኖሩን ስናስብ፣ ድምፅና ይህ የከተማው አቅጣጫ የቆየ ዝምድና አላቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ነገር ግን በነፋስ የሚሄድ ድምፅ እንደ ነፋስ ያልፋል። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባለሙያዎች በየሳምንቱ ሲጫወቱ ሬዲዮ ያለው ሰው ይሰማ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ወይም መንገድ ላይ የነበረ ሰው ግን አመለጠው ማለት ነው። ያለፈውን ዜማ ደግሞ ለመስማት የሚሻ ሰው ዜማው የተቀረጸበት ዕቃ ያስፈልገዋል። ይህ ዕቃ በአገራችን ሰው አንደበት ሸክላ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ይህ ሸክላ እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደ ጠፋ፣ በርካሽ ቅጅ አማካይነትም እንዴት እንደ ተመለሰ ነው። በሸክላዎቹና በሲዲዎቹ ላይ የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆኑ እኔም ያንኑ አቆጣጠር ተከትዬአለሁ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸው በአገር ውስጥ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በቆዩበት ጊዜ፣ ይኸውም ከ1908 እስከ 1910 ባለው ዘመን፣ ዜማቸውንና ግጥማቸውን በዚያ አስቀርጸዋል። እኒህ ሰው በቅኔ አዋቂነታቸውና በጨዋታቸው የታወቁ ሲሆኑ፣ ድምፃቸውን የያዘው ሸክላ ግን ግራሞፎን ካላቸው ጥቂት ቤቶች አልፎ ሳይሰማ ብዙ ዘመን ኖረ። መቶ ዓመት ከሞላው በኋላ በ2011 ሥራቸው በሲዲ እንደ ገና ታተመ። አያቶቻችን በዝና ብቻ ያወቁትን ድምፅ እኛ በጆሯችን ለመስማት የበቃነው በዚህ ዳግመኛ ኅትመት ምክንያት ነው።

ከነጋድራስ ተሰማ ዘመን ተነሥተን ወደ 1960ዎቹ ስንሻገር ነገሩ መልኩን ለውጦ እናገኘዋለን። አዲስ አበባ በዚያ ጊዜ የምሽት ሙዚቃዋ የደራ፣ ወጣቶቿ የአሜሪካንን ሶልና ጃዝ በየሙዚቃ ቤቱ እየገዙ የሚሰሙባት ከተማ ሆና ነበር። በውጭ አገር ዘፈን የተቀረጸ ሸክላ እንደ ልብ ሲገኝ የገዛ አገራችን አዲስ ዘፈን የተቀረጸበት ሸክላ ግን ብርቅ ነበረ። ለዚህ አንዱ ምክንያት በ1948 የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ስለ ነበረ ነው ይባላል። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ሳለ በዚህ ዘርፍ ብዙም አልሠራበትም። መብት ተይዞ ሳይሠራበት ሲቀር ሌላውም እንዳይሠራ ማገዱ በቢሮ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን እገዳ ወደ ጎን ትተው የተነሡት አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ናቸው። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው፣ የተቀረጸውን ቴፕ ወደ ሕንድ አገር ልከው ሸክላውን አሳተሙ። በአገር ውስጥ ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ አልነበረምና ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ሸክላ ሆኖ መመለስ ነበረበት። ሸክላው እንደ ደረሰ ተሸጠ፤ ይፈራ የነበረው ክስም ቀረ። ከዚያ ወዲያ አምሃ ሬከርድስ የተባለው ድርጅታቸው እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። እኒህን ሸክላዎች የሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ከላይ ከተጠቀሱት ኦርኬስትራዎች የወጡ የመንግሥት ደመወዝተኞች እንደ ነበሩ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ቀን በመለዮ ሰልፍ የሚያጅብ የጡሩምባ ነፊ ማታ በክለብ ውስጥ የሌላ ዓለም ሙዚቃ ይጫወት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት የሒሳብ ሥራ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ሲሆን በያንዳንዱ ገጹ አንድ ዘፈን ይይዛል፤ የአንዱ ዘፈን ርዝመት በአማካይ አራት ደቂቃ ቢሆን 103 ሸክላዎች 206 ዘፈኖች፣ ማለትም ወደ 824 ደቂቃ ግድም ይሆናሉ። አንድ ሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ፣ የአቶ አምሃ የሰባት ዓመት ድካም ትላልቆቹን ሸክላዎች ሳይጨምር በ11 ሲዲዎች ይጠቃለላል ማለት ነው። በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚሉት ከ1969 እስከ 1978 በአገራችን በሁሉም አሳታሚዎች የወጡት ሸክላዎች ተደምረው 500 ያህል ትናንሽና 30 ያህል ትላልቅ ናቸው። ይህንም በዚያው ስሌት ብናሰላው ከ90 ሰዓት አይበልጥም። የአንድ ታላቅ ሕዝብ የአሥር ዓመት ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ የቀረው ሁሉ፣ ሳይተኛ ለሚያዳምጥ ሰው የአራት ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ከ500ዎቹ አንዱ ሸክላ ቢሰበር የሚጎድለው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው ይህ ሲታሰብ ነው።

ከአቶ አምሃ ሌላ ፊሊፕስ የተባለው የውጭ ኩባንያና አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ በቅጽል ስማቸው ዓሊ ታንጎ፣ ሸክላ ያሳትሙ ነበር። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በ1972 በፊሊፕስ፣ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 በካይፋ መውጣታቸው ይታወቃል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ አስቀድመው በኒው ዮርክ ከተማ በ1966 ሁለት፣ በ1972 አንድ ትላልቅ ሸክላዎች አስቀርጸው ነበር። በ1974 «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» የተባለው ሥራቸው በአምሃ ሬከርድስ ወጣ። የዚህ ሸክላ ስምና የወጣበት ዓመት ብቻ ተመልክቶ አንባቢ የሚቀጥለውን ታሪክ ይገምተዋል።

በ1974 መንግሥት ተለወጠ። በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ክለቦች ሥራ ተዳከመ፤ አቶ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካን አገር ተሰደዱ። የሸክላ ኅትመት በ1978 ግድም ጨርሶ ሲቆም ቦታውን ካሴት ያዘው። ካሴት ከሸክላ ይልቅ ርካሽ፣ ለመሸከም ቀላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ ሊያባዛው የሚችል ነበረ። ሸክላ ለማሳተም ወደ ውጭ አገር መላክ ያስፈልግ የነበረ ሲሆን፣ ካሴት ለማባዛት ግን ሁለት የቴፕ መሣሪያና አንድ ሽቦ ይበቃል።

እኔ በበኩሌ የአገራችን ሙዚቃ የመጀመሪያው ርካሽ ዳግመኛ ኅትመት ይኸው የካሴት ቅጅ ነው እላለሁ። የየሙዚቃ ቤቱ ባለቤት አሮጌ ሸክላዎቹን መደርደሪያ ላይ ደርድሮ፣ ደንበኛው የመረጠለትን አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዘፈን በባዶ ካሴት ላይ እየቀዳ ይሸጥለት ነበር። ይህን ሥራ ሕግ የፈቀደው ማንም የለም፤ ዘፋኙም፣ አቀናባሪውም፣ አሳታሚውም ከሽያጩ ሳንቲም አላገኙም። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ የተወለደ ልጅ የጥላሁን ገሠሠንና የብዙነሽ በቀለን የወጣትነት ድምፅ ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ቀላል ቢሆንም።

የካሴቱ ጉድለት ግን ከሕጉ ብቻ አልነበረም። ቅጅ ከቅጅ ሲቀዳ ሹሹታው እየበዛ፣ የከበሮውና የቤዙ ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል። የማጫወቻው ሞተር ከልኩ ትንሽ ፈጥኖ የዞረ እንደ ሆነ ዜማው ከቁመቱ ከፍ ይላል፤ የጎልማሳው ዘፋኝ ድምፅ የልጅ ድምፅ ይመስላል። ክራርን ወይም ጊታርን ከካሴት እየሰማ ለማጥናት የሞከረ ተማሪ መሣሪያውን ከካሴቱ ጋር ለማስማማት አውታሩን በልክ ያልሆነ ቁመት ላይ ሲወጥር መዋሉ የዚህ ውጤት ነበር። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ስለሚጻፍ፣ ጊታሩን ማን መታው፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋው የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ከሹሹታው የከፋ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ፈረንሳዊው ሰው ልመለስ። ፋልሴቶ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ በ1984 በአገራቸው ሰምተው ተደነቁ፤ በ1985ም ሙዚቃውን ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ። በ1986 «እሬ መላ መላ» በቤልጅግ አገር ክራምድ ዲስክስ በተባለ አሳታሚ እንዲወጣ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ዓመት ያህል ሸክላና ባለመብት እየፈለጉ፣ አቶ አምሃንና ሌሎቹን አሳታሚዎች እያነጋገሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ ከ1969 እስከ 1975 የወጡትን ዘፈኖች የሚያስተዋውቅ ነው፤ በ1998 የታተመው አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ፣ ሰባተኛው «እሬ መላ መላ»ን፣ ዘጠነኛው ዓለማየሁ እሸቴን፣ ዐሥራ አንደኛው የዓለሙ አጋን በገና፣ ዐሥራ አራተኛው ጌታቸው መኩሪያን፣ ሃያ አንደኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ይዟል። ነጋድራስ ተሰማ በሃያ ሰባተኛው ቅጽ ውስጥ ናቸው። ተከታታዩ በ2017 ሠላሳኛው ቅጽ ላይ ደረሰ፤ በዚህኛው ውስጥ ግርማ በየነ ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ ከአንድ የፈረንሳይ ቡድን ጋር ሆነው አዲስ ተጫውተዋል።

የሙላቱ ዜማዎች በ2005 ጂም ጃርሙሽ በሠራው «ብሮከን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ከገቡ በኋላ ነገሩ በውጭ አገር በእጅጉ ታወቀ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ስም የሆነውን «የከርሞ ሰው»ን የፓሪስና የኒው ዮርክ ወጣት በዜማው ሲያውቀው፣ ቃሉን ግን ሊተረጉመው አይችልም። ያንኑ ቃል የሚተረጉመው የእኛ ተማሪ ደግሞ ዜማውን የሰማው ብዙ ጊዜ በስልክ ላይ ነው፤ ማን እንደ ተጫወተው የሚነግረው አንዳች ጽሑፍ ሳይኖር።

በቢሮ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ቅሬታ እሰማለሁ። አንደኛው፣ «ሀብታችን ወደ ውጭ ሄዶ በውጭ ሰው እጅ ታተመ» የሚል ነው። ይህን ለሚሉት የምመልሰው፣ ሸክላዎቹ ከመጀመሪያውም በውጭ አገር የታተሙ እንደ ነበሩ በማስታወስ ነው፤ የሚያሳስበው የማተሚያው አገር ሳይሆን ቅጅው እዚህ መቅረቱ ወይም አለመቅረቱ ነው። ሁለተኛው ቅሬታ፣ «ቅጅ ቅጅ ነው፤ ዋናው ሸክላ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። ዋናው ሸክላ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው እጅግ ስለ ተወደደ፣ በአዲስ አበባ በየቤቱ የነበረው ብዙው ተለቅሞ ወጥቷል። መምህር ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያንን በደመወዙ አይገዛውም። የሚገዛው ርካሹን ቅጅ ነው። ርካሹ ቅጅ ባይኖር ዜማው የባለጠጋ ጓዳ ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር።

ርካሽ ቅጅ መሰብሰብ የድኻ አገር ሰው ሥራ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ የአውሮፓ ምሳሌ ላምጣ። ጃንጎ ራይንሃርት በ1910 በቤልጅግ አገር ከዘላን የሮማ ወገኖች የተወለደ ጊታር መቺ ነበር። በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ ተቃጥሎ ከግራ እጁ ሁለቱ ጣቶች ስለ ተጎዱበት፣ በቀሩት ሁለት ጣቶች አዲስ አመታት ፈጠረ። በ1934 በፓሪስ የአውታር መሣሪያ ብቻ ያለበት የጃዝ ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር አቋቁሞ፣ በ1953 እስኪሞት ድረስ እጅግ ብዙ ሸክላ አስቀረጸ። በአውሮፓ ሕግ የድምፅ ቅጂ የአሳታሚው መብት ለረጅም ጊዜ የነበረው 50 ዓመት ስለ ሆነ፣ በ1930ዎቹ የወጣው የጃንጎ ሥራ በ1980ዎቹ ከመብት ነፃ ወጣ። ከዚህ በኋላ ትናንሽ አሳታሚዎች አራትም አምስትም ሲዲ በአንድ ሣጥን እየከተቱ በአንድ ሲዲ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን 50 ዓመት በ2011 በወጣ መመሪያ ወደ 70 ከፍ ቢያደርገውም፣ አስቀድሞ ነፃ የወጣው ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ልብ ሊባል የሚገባው ከእነዚህ ርካሽ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ከውዶቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው ነው። ደህናው አሳታሚ የተሻለውን ሸክላ መርጦ፣ ጭረቱን በጥንቃቄ አጽድቶ፣ እያንዳንዱ ዘፈን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ከተማ፣ ከማን ጋር እንደ ተቀረጸ ጽፎ ያወጣዋል። መጥፎው አሳታሚ ደግሞ የሌላውን ሲዲ ገልብጦ፣ ስምና ቀን አፋልሶ፣ ውብ ሥዕል ለጥፎ ይሸጠዋል። ሁለቱም ዋጋቸው አንድ ነው። ሰብሳቢው ልዩነቱን የሚያውቀው ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ በማንበብ ነው።

የእኛው አገር ሕግ፣ ማለት ስለ ቅጅና ተዛማጅ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለድምፅ ቅጂ አሳታሚና ለከዋኞች የ50 ዓመት ጥበቃ ሲሰጥ፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ግን ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል። ቆጠራው ሸክላው ከታተመበት ጊዜ ቢነሣ የ1969 ኅትመት በ2019 ኃምሳ ዓመቱን ሞልቷል፤ የ1975ቱም በ2025 ሞልቷል። ስለዚህ የጃንጎ ሸክላዎች በ1980ዎቹ በደረሱበት መንታ መንገድ ላይ የእኛዎቹም ደርሰዋል ማለት ነው። ርካሽ ቅጅ መምጣቱ አይቀርም። የሚመጣው ቅጅ ስም ያለበት ይሁን ወይስ ስም የሌለበት የሚለው ነው ገና ያልተወሰነው።

ስም የሌለበት ቅጅ ምን እንደሚመስል የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ አይጠፋውም። ካሴት ከቀረ በኋላ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉት መንገዶች ዳር በኮምፒዩተር ዘፈን በፍላሽ የሚጭኑ ወጣቶች ነበሩ፤ መቶና ሁለት መቶ የድሮ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይጭናሉ። ከእነዚህ መካከል ከአንዱ ያስጫንሁትን ፍላሽ ቤቴ ወስጄ ስከፍተው፣ «የድሮ ቁጥር 1» እስከ «የድሮ ቁጥር 140» የሚል ስም ብቻ አገኘሁበት። ከዚያም ውስጥ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዘፈን ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛሁት ሲዲ ሽፋኑ የአንድ ዝነኛ ድምፃዊ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ሲጠየቅ «ያው የዚያው ዘመን ነው» ብሎ መለሰ። ወጣቱን ሻጭ አልወቅሰውም፤ እሱም ከሌላ ያገኘውን ነው የሸጠው። ሆኖም የአንድን ሰው ሥራ በሌላው ስም መጥራት በመዝገብ ቤት ቢሠራ ስንት ጣጣ እንደሚያመጣ የምናውቅ ሰዎች፣ በሙዚቃ ሲሆን ለምን ቀላል እንደሚመስለን አይገባኝም።

ለስሞቹ ይህን ያህል መጨነቄ ከጊታር መቺዎቹ የተነሣ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ዘፋኙ ንጉሥ ነበረ፤ ከዘፋኙ ቀጥሎ የቡድኑ ስም ይጻፋል፤ ጊታር መቺው ግን የመብራት ባለሙያ ያህል እንኳ አይታወስም። ሆኖም የዚያን ሙዚቃ መልክ የሰጠው በአብዛኛው የጊታሩ አመታት ነው። በትዝታና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚዘፈነውን ዜማ ክራር ሲያጅብ የነበረበትን ሥርዓት ጊታሩ ወርሶ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል አጉልቶ፣ የአሜሪካንን ምት ጨምሮበት እናገኘዋለን። በሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች ውስጥ እንደ ሰው የሚያለቅሰውን በእግር መርገጫ የሚታዘዝ ጊታር የመታው አንድሩ ዊልሰን የተባለ ሰው መሆኑን፣ ከእሱም ሌላ ተክሌ አድሃኖም በዚያ ዘመን የታወቀ ጊታር መቺ እንደ ነበረ፣ ብዙዎቻችን ያወቅነው ከዳግመኛው ኅትመት መግለጫ ጽሑፍ ነው። የዋልያስ ባንድ ጊታር መቺ ማሕሙድ አማን ነበረ። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ የመታው ሰላም ስዩም ወልደ ማርያም ደግሞ ከጊታሩ ሌላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ፣ ከ1896 እስከ 1974 ስላለው የዘመናዊ ሙዚቃ እድገት ጥናት ጽፏል። ጊታር መቺ ሆኖ የራሱን ሙያ ታሪክ የጻፈ ሰው በብዙ አገር አይገኝም፤ ጥናቱን በየትምህርት ቤቱ የምናስተምር ሰዎች ግን ስንት ነን?

ከዳግመኛ ኅትመት ታሪኮች ሁሉ ለእኔ በጣም የሚደንቀኝ የኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን መቺ ሲሆን፣ ቡድኑ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ትልቅ ሸክላ አወጣ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። ቡድኑ በ1981 ወደ አሜሪካን አገር ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንንና የኤሌክትሪክ ፒያኖን አዋሕዶ ብቻውን የሠራውን ሙዚቃ በካሴት አወጣ፤ ከዚያም በዋሺንግተን ከተማ የታክሲ ነጂ ሆኖ ብዙ ዓመታት ኖረ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ እንደ ማንኛውም ካሴት ተሸጠ፣ ተባዛ፣ ተረሳ። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ይህንኑ ካሴት ያገኘው በባሕር ዳር ከተማ ነው። ባለቤቱን አፈላልጎ አግኝቶ፣ ከእሱ ጋር ተዋውሎ በ2013 «ሸሞንሟናዬ»ን በሸክላና በሲዲ አሳተመው፤ በ2014 «ቼ በለው»ን፣ በ2016 ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የተሠራውን «ወደ ሐረር ጉዞ»ን አስከተለ። ኃይሉም ዳግመኛ በታላላቅ መድረኮች ላይ መጫወት ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንበል። አሜሪካዊው ያገኘው ብርቅ የተባለ ዋና ሸክላ አልነበረም፤ በክፍለ ሀገር ከተማ የተሸጠ ተራ ካሴት ነበረ። ያንን ካሴት የሸጠው የባሕር ዳር ነጋዴም፣ ከእሱ በፊት የገዛው ሰውም እንደ ተራ ዕቃ ነው ያዩት። አሮጌ ካሴት በሣጥን ጠቅልለን በቆሻሻ መኪና ላይ በምንጭንበት በዚህ ጊዜ ይህ ቢታሰብ ይበጃል። አቶ አምሃ እሸቴ ከስደት ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2021፣ ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት አረፉ። ስለ ቀረጻው የሚጠየቁ ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው።

የታተመ መጽሐፍ ቅጅው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ በ1975 ሲወጣ፣ ከሸክላዎቹ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ወጥተው አልቀዋል። በንግድ የወጡ የግል ዕቃዎች ነበሩና ማንም ሰው በአንድ ቦታ አላከማቻቸውም። በእጃችን ያለው መዝገብ እንግዲህ ከውጭ የታተሙት የሲዲ መግለጫ ጽሑፎች፣ በ2001 እዚሁ አዲስ አበባ በሻማ ማተሚያ የወጣው «አቢሲኒ ስዊንግ» የተባለው የፋልሴቶ የፎቶግራፍ መጽሐፍ፣ የሰላም ስዩም ጥናት፣ እንዲሁም በየግለሰቡ ቤት የቀረው ነው።

በሰፈራችን ከሚኖሩ ሁለት መምህራን ጋር ሆነን ባለፈው ዓመት ትንሽ ሥራ ጀምረናል። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ካርድ አዘጋጅተን፣ በላዩ የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውን፣ የየመሣሪያውን ተጫዋች፣ ሸክላው የታተመበትን ዓመትና ቁጥር እንጽፋለን። የምንሠራበት ዕቃ ሁሉ ርካሽ ቅጅ ነው፤ ያገለገለ ሲዲ፣ የጎረቤት ካሴት፣ አልፎ አልፎ የተሰነጠቀ ሸክላ። ሁለት ቅጅዎች የተለያየ ነገር የጻፉ እንደ ሆነ ሁለቱንም በካርዱ ላይ እናሰፍራለን። የዘፋኝ መደብ በሁሉም ካርድ ላይ ተሞልቷል፤ የጊታር መቺ መደብ ባዶ የሆነባቸው ካርዶች ግን ከተሞሉት ይበልጣሉ። በዚያ ዘመን በኦርኬስትራ ውስጥ ያገለገለ፣ ወይም የአባቱ ወይም የአጎቱ ስም በአንድ ሸክላ ጀርባ ላይ መጻፉን የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ ለዚህ መጽሔት አዘጋጅ ክፍል ቢጽፍልን በካርዱ ላይ እናሰፍረዋለን።